ስፒትፋየር ማርክ 4፦ ሞተሩን ሳልነካ ካምቢዮውን ቤት ውስጥ ማውረድ ይቻላል?

ሰማያዊ ስፒትፋየር
ሰላም ለሁላችሁ። የ1972 ትሪያምፍ ስፒትፋየር ማርክ 4 አለኝ። ባለ 1296 ሲሲ ነው፣ ኦቨርድራይቭ የለውም። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሰላም ነስቶኛል። ከሦስት ወደ ሁለት ስመልስ ይፋጫል። የኋላ ማርሽማ አይወራ፣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ዜሮ ላይ አድርጌ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳልሰጠው) ስተወው ደግሞ ከስር የማጉረምረም ድምፅ ይሰማል።

ሊፍት የለኝም። ያለኝ ወለሉ ደልዳላ የሆነ ጋራዥ፣ አንድ ሃይድሮሊክ ክሪክ፣ አራት የብረት ካቫሌቶና የኢንች ቡሶላ ነው። ሞተሩ ጥሩ ስለሆነ ባልነካው ደስ ይለኛል። ካምቢዮው ብቻውን ይወጣል? ከስር ነው ከላይ?

ፈጣን ማርሽ
ይወጣል እንጂ! በውስጥ በኩል ነው። ወንበሮቹን አውጣ፣ መሃል ያለውን ሽፋን አንሳ፣ ካምቢዮው እዚያው ተኝቶ ታገኘዋለህ። በርታ።

አሮጌ ቡሎን
ልክ ነው፣ በውስጥ በኩል ይወጣል። ግን መፍቻ ከማንሳትህ በፊት በሽታው የት እንዳለ እንወቅ። የነገርከን ሦስት ነገር ነው። ሦስቱም ከአንድ ቦታ ላይመጡ ይችላሉ።

ከኋላ ማርሹ ልጀምር። የኋላ ማርሽ ሲንክሮ (ማርሾቹ ከመግባታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ቀለበት) የለውም። ፍሪሲዮኑን እንደረገጥክ ወዲያው ካስገባህ መፋጨቱ አይቀርም፣ ምክንያቱም ዘንጉ ገና መሽከርከሩን አላቆመም። ስለዚህ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጥና ጥቂት ሰከንዶች ጠብቅ። ከዚያ ቀስ ብለህ አስገባ። ዝም ብሎ ከገባ ደህና ነው። ጠብቀህም ከተፋጨ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ማርሽ ቢፋጭም አይግረምህ። ሲንክሮው በሰው ጥፋት እየተወቀሰ ነው።

ፍሪሲዮኑ እንደማይለቅ ካረጋገጥክ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልህ። አንተ የታችኛው ፖምፓ (ካምቢዮው ላይ ሆኖ ፍሪሲዮኑን በዘይት ግፊት የሚገፋው) ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ ለካ። 12 ሚሊሜትር ገደማ መሄድ አለበት። በጣም ካነሰ ችግሩ ካምቢዮ ውስጥ አይደለም። ወይ መስመሩ አየር አለው፣ ወይ የፖምፓው ጎማ አልቋል፣ ወይ ፔዳሉን ከላይኛው ፖምፓ ጋር የሚያያይዘው ፒን ተበልቷል። ይህን ፒን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ፒኑ ይሳሳል፣ የፔዳሉም ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል፣ የእግርህ ግማሽ ጉልበት እዚያው ይቀራል። ለዚች ፒን ሲባል ካምቢዮ የወረደበት መኪና አይቻለሁ።

ድምፁን ደግሞ እንዲህ ለየው። ዜሮ ላይ እያለ ፔዳሉን ስትረግጥ ድምፁ ከጠፋ፣ የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ወይም ካውንተር ሻፍቱ (ካምቢዮው ውስጥ ከዋናው ዘንግ ጎን የሚዞረው ዘንግ) ነው። ስትረግጥ ከጀመረ ግን የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው። ከዚያ መንገድ ላይ ውጣና በእያንዳንዱ ማርሽ አዳምጥ። በዚህ ካምቢዮ 4ኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፣ ኃይሉ በካውንተር ሻፍቱ አያልፍም። በ1፣ በ2 እና በ3 እየጮኸ በ4 ዝም ካለ ጥፋተኛው ታወቀ።

ይህን ሠርተህ ተመለስ።

ባለ ኤምጂቢ
እናንተ ስፒትፋየር ያላችሁ ሰዎች ታማርራላችሁ እንዴ? የኔ ኤምጂቢ ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ካልሆነ አይወጣም። ለአንድ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ራዲያተሩና ግማሹ መኪና ይፈታል። የጃጓር ኢ-ታይፕ ባለቤቶችም ያው ናቸው። ፖርሽ 911 ላይ ሞተርና ካምቢዮ ተያይዘው ወደ ታች ይወርዳሉ። ፖርሽ 944 እና አልፋ ሮሜዮ ጂቲቪ6 ደግሞ ካምቢዮአቸው ጭራሽ ኋላ ነው፣ ከዲፈረንሺያሉ ጋር። አንተ ግን መኪናህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ትሠራለህ። አመስግን።

ሰማያዊ ስፒትፋየር
ጋሼ አሮጌ ቡሎን፣ ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ።

የኋላ ማርሽ ጠብቄም ይፋጫል። የታችኛው ፖምፓ ዘንግ 13 ሚሊሜትር ይሄዳል። የፔዳሉን ፒን አውጥቼ አየሁት፣ ደህና ነው። ድምፁ ፔዳሉን ስረግጥ ይጠፋል። መንገድ ላይ በ2 እና በ3 በደንብ ይጮኻል፣ 4 ላይ ስገባ ፀጥ።

አሮጌ ቡሎን
እንግዲህ አውርደው። ካውንተር ሻፍቱ አልቋል። ፔዳሉ በደንብ እየገፋ ፍሪሲዮኑ ካልለቀቀ ደግሞ ሌላ ጣጣ ውስጥ አለ። የፍሪሲዮኑ ሹካ የሚዞርበትን ፒን እጠረጥራለሁ። እሱም ሲበላ ጉዞ ይሰርቃል። ሁለቱም ካምቢዮው ሳይወርድ አይነኩም።

ዘይት የነካት
በዚህ ሥራ ውስጥ ስላለፍኩ እኔ ልንገርህ። ሁሉም ሰው ስለ ካምቢዮው ነው የሚያወራው፤ አብዛኛውን ሰዓት የሚበላው ግን ካምቢዮው ጋ እስክትደርስ ያለው ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። የሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ወፍራም ኬብል ሁልጊዜ መብራት አለበት፣ መፍቻህ ሻንሲ ነክቶ ከተያያዘ ትጎዳለህ።

ከዚያ ሁለቱም ወንበር ይውጣ። አንዱን ትተህ ልሥራ አትበል፣ ካምቢዮው የሚወጣበት ቦታ ይጠብሃል። ምንጣፉን፣ የመሃል ኮንሶሉን፣ ዳሽቦርዱን ከመሃል የሚደግፈውን ብረት አንሳ። የማርሽ ዘንጉንም አውጣው። ቀጥሎ ሽፋኑ ይመጣል። የብዙዎቹ ሽፋን ከተጠቀጠቀ ካርቶን የተሠራ ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት ሙቀትና ዘይት በኋላ ጠርዙ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ዙሪያውን የያዙትን ብሎኖች ከዋዜማው የዝገት ማስለቀቂያ ርጭ። በካቻቢቴ ፈልቅቀህ አታንሳው። ከተሰበረ ግን አትዘን፣ በፋይበርግላስ የሚሠራው ይሻላል፣ ድምፅም ይቀንሳል።

አሁን መኪናውን አንሳ። ካቫሌቶዎቹ የሻንሲው ወፍራም ብረት ላይ ይረፉ፣ የወለሉ ላሜራ ላይ አይሁን። አራቱም ካረፉ በኋላ መኪናውን በእጅህ በደንብ ነቅንቀው። የሚንቀሳቀስ ከሆነ አሁኑኑ ይንቀሳቀስ፣ አንተ ስር ከገባህ በኋላ አይደለም።

ዘይቱ ሞቅ እንዳለ አፍስሰው። ፕሮፔለር ሻፍቱን (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚወስደውን ዘንግ) ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ከመፍታትህ በፊት በሁለቱም ፍላንጅ (ቡሎኖቹ የሚያልፉበት ጠፍጣፋ ጫፍ) ላይ አንድ የቀለም መስመር ስመር፣ ስትመልስ እዚያው እንዲገጥም። ዳዶዎቹ ውስጣቸው ናይሎን ያለባቸው ስለሆኑ ስትገጥም በአዲስ ቀይራቸው።

የፍጥነት ኬብሉን፣ የኋላ ማርሽ መብራት ገመዱንና የጭስ ቱቦውን ማሰሪያ አላቅቅ። የታችኛውን የፍሪሲዮን ፖምፓ ከካምቢዮው ላይ ብቻ ፍታው፣ ቱቦው ይቆይ። በሽቦ ወደ ጎን እሰረው። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ! ፒስተኑ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱም ቀለም ላይ ይፈስልሃል። እኔ ፔዳሉ ስር ጣውላ ነው የማስገባው።

ሞተሪኖው ይውጣ። ከዚያ ሞተሩን ደግፈው፤ ክሪኩን ከሞተሩ ዘይት ቋት ስር፣ በመሃላቸው ሰፊ ጣውላ አድርገህ። ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩ ወደ ኋላ ለመተኛት ይሞክራል። ማራገቢያውንና የራዲያተሩን ጎማ በየጊዜው እያየህ ሥራ።

ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የያዙት ቡሎኖች ቁመታቸው አንድ አይደለም። አንድ ካርቶን ላይ የካምቢዮውን ፊት ንደፍ፣ እያንዳንዱን ቡሎን ከቦታው ስታወጣው እዚያው ቦታ ላይ ካርቶኑን በስተህ ሰካው። የላይኞቹን መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለህ ትደርስባቸዋለህ። በግራና በቀኝ አንዳንድ ቡሎን እስከ መጨረሻው ተው። ከኋላ ያለውን የካምቢዮ ጎማ መደገፊያ ከፈታህ በኋላ እነሱን አውጣ።

ከዚያ ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ሳበው። ዘንጉ ከፍሪሲዮኑ እስኪወጣ ድረስ ወደ ላይም ወደ ታችም አትበለው። ሲለቅ አፍንጫውን አንስተህ አዙረውና በተሳፋሪው በር አውጣው።

ካቻቢቴ
እህቴ ጨርሳዋለች። እኔ የምጨምረው ስለ ክብደቱ ነው። ካምቢዮው ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ጎንበስ ብለህ፣ እጅህን ዘርግተህ ስትይዘው ግን ወገብ ይሰብራል። ከበር እስከ በር ጠንካራ ጣውላ አጋድም። በሁለቱም ጫፍ ብርድ ልብስ አድርግለት፣ ቀለሙን እንዳይፍቅ። ከጣውላው ላይ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አውርደህ ካምቢዮውን አንጠልጥለው። ክብደቱን ቀበቶው ይይዝልሃል፣ አንተ መምራት ብቻ ነው።

ፈጣን ማርሽ
ምን ጣውላ፣ ምን ቀበቶ! ሁለት ጎረምሳ ይበቃል። አንዱ ከላይ ይስባል፣ አንዱ ከስር ይገፋል።

አሮጌ ቡሎን
ከስር የሚገፋው ሰው ደረት ላይ ቢወድቅስ? የሚወርድ ካምቢዮ ስር ሰው አይተኛም፣ አለቀ።

ሌላም ምክንያት አለ። ዘንጉ ገና ግማሹ ፍሪሲዮን ውስጥ እያለ እጃችሁ ዝሎ ካምቢዮው ከተንጠለጠለ፣ ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው የፍሪሲዮኑ ዲስክ መሃል ላይ ነው። ዲስኩ ይጣመማል። ስትገጥም አይታወቅህም። ሁሉን አስረህ፣ ዘይት ሞልተህ፣ ምንጣፍ አንጥፈህ ስትነሳ ፍሪሲዮኑ አልለቅ ይላል። ይህ ስትመልሰውም ይሠራል፣ ያኔ እንዲያውም ይብሳል።

ባለ ኤምጂቢ
የካቻቢቴ ጣውላ ጥሩ ነው። ጣራው ስለሚወርድ የሞተር ማንሻ ክሬን ያለውም ሰው በበሩ በኩል ክንዱን አስገብቶ ማንሳት ይችላል። ጣራው ብረት ቢሆን ይህ ሁሉ አይታሰብም ነበር።

ዘይት የነካት
የረሳሁት አንድ ነገር። ካምቢዮው ሲወጣ የፍሪሲዮኑ ቤት ውስጥ ጥቁር ዱቄት ታገኛለህ። በኮምፕሬሰር እንዳትነፋው! የድሮ ፍሪሲዮን ዲስክ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ አስቤስቶስ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውኃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው። ጨርቁን ላስቲክ ውስጥ አስረህ ጣለው። አፍንጫህንም ለብናኝ በሚሆን ማስክ ሸፍን።

ሰማያዊ ስፒትፋየር
ወጣ!

በጣውላና በቀበቶ ነው የሠራሁት፣ ወንድሜ ረዳኝ። አንዱ የላይኛው ቡሎን ብቻ አስቸገረን፣ ዝጎ ነበር። ረጅም ማራዘሚያ ገጥመን ቀስ በቀስ እያጠበቅንና እያላላን ለቀቀ። ሽፋኑ በአንድ ጥግ ተሰብሯል፣ እንደተባለው።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። የፍሪሲዮኑ ሹካ ፒን በአንድ በኩል ተበልቷል፣ ጥፍሬ ይገባበታል። ሹካውን በእጄ ስይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይጫወታል። የፈሰሰው ዘይት ውስጥ የብር ቀለም ያለው ደቃቅ ነገር አለ። በማግኔት ሳሰስ አንድ የተሰበረች መርፌ የመሰለች ብረት ወጣች። ዲስኩ ገና ውፍረት አለው። ቮላኖው (ዲስኩ የሚያርፍበት፣ ከሞተሩ ኋላ ያለው ከባድ ጎማ መሳይ ብረት) ላይ ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሉ፣ ስንጥቅ ግን አላየሁም።

አሮጌ ቡሎን
ያቺ ብረት የካውንተር ሻፍቱ የመርፌ ኩሽኔታ ናት። ጩኸቱ እሷ ነበረች። ሻፍቱን ስታወጣው ኩሽኔታዎቹ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ገጹ ተልጦ ታገኘዋለህ። ኩሽኔታውን ብቻ ቀይረህ የተላጠውን ሻፍት እንዳትመልሰው። አዲስ ኩሽኔታ በሻካራ ሻፍት ላይ ብዙም ሳይቆይ ያልቃል። ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የሹካውን ፒንና ቡሽም አብረህ አድርግ።

ካምቢዮውን ራስህ ትፈታዋለህ ወይስ ለባለሙያ ትሰጠዋለህ?

ሰማያዊ ስፒትፋየር
ራሴ ብሞክር ምን ይመስላችኋል? የጥገና መጽሐፉ አለኝ።

ፈጣን ማርሽ
ያገለገለ ካምቢዮ ገዝተህ ግጠም፣ ተገላገል።

ካቻቢቴ
የሰው ካምቢዮ የሰው በሽታ ነው። ሰምተህ ሳትሞክረው የምትገዛው ካምቢዮ ያው ካውንተር ሻፍት ነው ያለው፣ ዕድሜውም ያው። የራስህን ቢያንስ ምን እንደሆነ ታውቀዋለህ።

ዘይት የነካት
ካውንተር ሻፍቱን መለወጥ ለጀማሪ የማይቻል አይደለም። ሲንክሮና ዋናው ዘንግ ውስጥ ሲገባ ግን ሞላና ኳስ ጋራዡን ሙሉ ይበታተናል፣ ልዩ መሣሪያም ይፈልጋል። ያንን ለባለሙያ ስጥ። የወረደ ካምቢዮ ይዞ መሄድ መኪናውን ከማስጎተት ይቀላል። አንተ የምታተርፈው የማውረዱንና የመግጠሙን ድካም ነው፣ እሱ ደግሞ ትልቁ ነው።

አሮጌ ቡሎን
ካምቢዮው ለሥራ እስኪሄድ ሞተሩ ጋ አንድ የምታየው ነገር አለ። ይህን ሳታደርግ ካምቢዮውን እንዳትመልስ።

የነዚህ የትሪያምፍ ሞተሮች የታወቀ ድካም ክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዙት ትረስት ዋሸሮች ናቸው። ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ናቸው፣ የመጨረሻው የክራንክ ኩሽኔታ ጋ ነው ያሉት። ፍሪሲዮን በረገጥክ ቁጥር ክራንኩ ወደ ፊት ይገፋል፣ ጫናው እነሱ ላይ ያርፋል። ሲሳሱ ከቦታቸው ወልቀው ዘይት ቋቱ ውስጥ ይወድቃሉ። ከዚያ ክራንኩ ብሎኩን መብላት ይጀምራል። ያኔ ጥሩ ነው ያልከው ሞተር አለቀለት።

ሰዓት የመሰለውን መለኪያ ቮላኖው ላይ አስደግፍ። ክራንኩን በጣውላ ወደ ፊት ከዚያ ወደ ኋላ ገፋ አድርግና ልዩነቱን አንብብ። መጽሐፉ ከሚፈቅደው ካለፈ ቀይራቸው። ደስ የሚለው፣ ሞተሩን ማውጣት አያስፈልግም። ዘይት ቋቱ ወርዶ የኋለኛው ኩሽኔታ ክዳን ሲፈታ ይደረስባቸዋል።

ከዚህ በኋላም መብራት ላይ ስትቆም ማርሹን ዜሮ አድርገህ እግርህን ከፍሪሲዮኑ አንሳ።

ሰማያዊ ስፒትፋየር
ለካሁት ጋሼ። መጽሐፉ ከሚለው ወሰን ትንሽ አልፏል። ዋሸሮቹን አዝዣለሁ። ይህን ባይነግሩኝ ዝም ብዬ ልገጥመው ነበር።

ዲስኩ ገና ወፍራም ነው ብያለሁ። ልመልሰው?

ዘይት የነካት
ተው! ይህን ሁሉ ፈተህ የድሮ ዲስክ አትመልስም። ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱ (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው) እና የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ሦስቱም በአንድ ላይ ይቀየራሉ። ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለችውን፣ የካምቢዮው ዘንግ አፍንጫ የሚገባባትን የነሐስ ቡሽም አትርሳት። ከመግጠምህ በፊት ሞተር ዘይት ውስጥ ነክረህ አሳድራት፣ ዘይት ትጠጣለች። ቮላኖውን ለማለስለስ ወደ ማሽን ሾፕ ላከው።

ዲስኩ ፊትና ጀርባ አለው። አብዛኛውን ጊዜ በቮላኖ በኩል የሚሆነው ገጽ ላይ ተጽፎበታል። ማዕከሉን በማስተካከያ ዘንግ ሳትይዝ ፕሬዠር ፕሌቱን አታጥብቅ። በዓይን እገምታለሁ ካልክ ካምቢዮው አይገባልህም።

ካቻቢቴ
ስትመልሰው ዘንጉ ዲስኩ ጥርስ ላይ ከቆመብህ በጉልበት አትግፋ። ካምቢዮውን 4ኛ ማርሽ ላይ አድርገው። አንተ እየገፋህ ወንድምህ ኋላ ያለውን ፍላንጅ በእጁ ያዙር። ጥርሶቹ ሲገናኙ ሸርተት ብሎ ይገባል። የመጨረሻዋን ክፍተት ግን በቡሎን ስበህ አትዝጋ። በእጅ ካልተዘጋ የሆነ ነገር አልተስተካከለም፤ አሉሚኒየሙን ትሰነጥቀዋለህ።

ባለ ኤምጂቢ
ዘይቱ ላይ ተጠንቀቅ። ሲንክሮ ቀለበቶቹ የነሐስ ዘር ናቸው። ጂኤል-4 የሚል የማርሽ ዘይት ደረጃ የተጻፈበትን ግዛ። ጂኤል-5 ለዲፈረንሺያል የሚሆን ነው፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ኬሚካል ነሐስ ይጎዳል። ሻጩ «አዲሱ ይበልጣል» ቢልህ አትስማው።

ሰማያዊ ስፒትፋየር
ካምቢዮው ከባለሙያው ተመልሶ ገባ። የፍላንጁ ዘዴ ሠርቷል፣ ወንድሜ ሩብ ዙር እንዳዞረው ሸርተት አለ። ዋሸሮቹም ተቀይረዋል። ዜሮ ላይ ድምፅ የለም። የኋላ ማርሽ ጠብቄ ሳስገባው ዝም ብሎ ይገባል። ሁለተኛም አይፋጭም፤ ሲንክሮው እውነትም ጥፋት አልነበረበትም።

አንድ ነገር ብቻ። ፔዳሉ መጀመሪያ ላይ ባዶ ነው፣ ሁለቴ ስረግጠው ነው የሚይዘው። የፖምፓውን ውስጥ አልከፈትኩም፣ ቱቦውም አልተነካም። ምን ይሆን?

አሮጌ ቡሎን
የታችኛው ፖምፓ በሽቦ ተንጠልጥሎ ሲከርም ፒስተኑ ተንቀሳቅሶ በጎማው በኩል ትንሽ አየር አስገብቶ ይሆናል። አየሩን አውጣ። ስታወጣ የማውጫዋ ብሎን ወደ ላይ መመልከቷን እይ፣ ወደ ታች ከዞረች ቀኑን ሙሉ ብትረግጥ አየሩ አይወጣም። ከዚያም ካልተስተካከለ ጎማው ጠርዙ ተጎድቷልና የጎማ ኪቱን ቀይር። ሽፋኑን ገና አልገጠምክ ከሆነ እስኪያልቅ አትግጠመው።

ሰማያዊ ስፒትፋየር
የማውጫዋ ብሎን ወደ ጎን ነበር የዞረችው። ፖምፓውን አላልቼ ወደ ላይ አዞርኩና አየሩን አወጣሁ። አሁን ከመጀመሪያው ይይዛል። ሽፋኑ ገና ፋይበርግላሱ እየደረቀ ነው።

ፈጣን ማርሽ
እኔ ብዬህ ነበር እኮ፣ ይቻላል።